ቡድሃ የስቃይ ምንጭ «ጥማት» ነው ሲል የእናቴንም የውሃ ጥም ይጨምራል?

የአቶቴው ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከሐዋሳ ነኝ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል እና ታገሱኝ፣ ማታ ማታ እንቅልፍ እምቢ ስለሚለኝ ነው የምጽፈው።

እናቴ ካረፈች ስምንት ወሯ ነው። ሁለቱም ኩላሊቷ ቆሞ ሁለት ዓመት ሙሉ እጥበት ላይ ነበረች፣ በሳምንት ሁለቴ አንዳንዴ ሦስቴ፣ እንደ ብሩ ሁኔታ ነው። ገና ሳይነጋ ባጃጅ ተኮናትሬ እወስዳታለሁ፣ እሷ አራት ሰዓት ማሽኑ ላይ ትተኛለች እኔ ውጪ አግዳሚ ወንበር ላይ እጠብቃለሁ ከዛ ደግፌ እመልሳታለሁ። ክንዷ ላይ ለመርፌው ብለው ደም ስሯን ያገናኙበት ቦታ ነበር፣ ጣት ሲያስቀምጡበት ይነዝራል፣ ቀፎ ውስጥ ንብ እንዳለ ዓይነት። ማታ ሳትተኛ ጣቴን እዛ ላይ አድርጌ «አለሽ?» እላታለሁ «አለሁ» ትለኛለች። ንዝረቱ እስካሁን ሌባ ጣቴ ላይ አለ።

ዋናው ግን ውሃው ነው። የኩላሊት በሽተኛ ያስታመመ ያውቀዋል፣ ውሃ በልክ ነው። በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ላይ በእስክሪፕቶ አስምሬ በመስመር በመስመር ነበር የምሰጣት። የመጨረሻዋ ሌሊት መስመሩ አልቆ ነበር፣ «አንድ ጉንጭ ብቻ» አለችኝ፣ እኔ ደሞ «እማዬ ጠዋት እጥበት አለሽ ትንሽ ታገሺ» አልኳት። ከንፈሯን በጥጥ አርጥቤላት ተኛሁ። ጠዋት አልነቃችም። ለቅሶው ላይ እህቴ ሰው በሞላበት ድንኳን «ውሃ እንኳን ከለከልካት!» ብላ ጮኸችብኝ። ሐዘን ነው ያናገራት አውቃለሁ፣ ግን ከዛ ወዲህ ስልክም በደንብ አንደዋወልም።

ወደ ጥያቄዬ ስመጣ፣ በቀደም ዩቲዩብ ላይ ስለ ቡድሃ በአማርኛ የተሠራ ቪዲዮ አየሁ። «ሕይወት ስቃይ ነው፣ የስቃይ ምንጭ ምኞት ነው፣ ምኞትህን ካጠፋህ ስቃይህ ይጠፋል» ይላል። ኮሜንት ላይ አንዱ ደሞ ቃሉ በነሱ ቋንቋ ታንሃ ነው፣ ትክክለኛ ትርጉሙ ምኞት ሳይሆን ጥማት ነው ብሎ ጽፏል። እሱን ሳነብ ደረቴን የሆነ ነገር ጭምድድ አደረገኝ። እናቴ እኮ ተጠምታ ነው የሞተችው። ታዲያ ጥፋቱ ያ ጥማት ነው? እኔስ እንድትኖርልኝ መፈለጌ፣ መጨረሻ አካባቢ ደሞ ስታቃስት ሳይ «ፈጣሪ ሆይ በቃ አሳርፋት» ብዬ መለመኔ፣ ይሄ ሁሉ የስቃይ ምንጭ ሚባለው ነው? መውደዴ ነው ስህተቱ? ሃይማኖት ልቀይር ብዬ አይደለም የምጠይቀው፣ ሰውየው በእውነት ምን ማለቱ እንደሆነ የሚያቅ ካለ ይንገረኝ።


ዘገብርኤል፦

ነፍስ ይማር ወንድሜ፣ እግዜር ያጥናህ። ስለ ቡድሃ ትምህርት የማውቀው የለም፣ እሱን ለሚያውቁት ልተወው። ግን ጽሑፍህን ሳነብ መጀመሪያ የመጣልኝ ጌታ በመስቀል ላይ ሆኖ «ተጠማሁ» ማለቱ ነው፣ ዮሐንስ ምዕራፍ 19 ላይ። ስቅለት ዕለት ስንሰግድ ስንት ጊዜ ሰምተነዋል። የእናትህ ጥማት ጥፋት ነው የሚልህ ካለ አትስማው። የሌሊቱን ነገር ደሞ ለንስሐ አባትህ ንገራቸው፣ ብቻህን ይዘኸው አትቀመጥ።


ኩሽኔታ፦

አይዞህ ወንድሜ። መናኸሪያ አካባቢ ጋራዥ ያለኝ መካኒክ ነኝ፣ ብዙም የተማርኩ ሰው አይደለሁም ግን ስቃይ ተብሎ የተተረጎመውን ቃል የማውቅበት ምክንያት አለኝ። ድሮ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አንድ ሕንዳዊ መኪናውን እኔ ጋ ያሠራ ነበር፣ አንዴ የኋላ ጎማው ኩሽኔታ ተበልቶ መጣ፣ ፈትቼ ሳሳየው እጁ ላይ ሲያገላብጠው ቆየና «ይሄ እኮ ዱካ ነው» አለኝ። የእግር ዱካ የሚል መስሎኝ ነበር። ለካ በጥንቱ የቡድሂስቶች ቋንቋ ስቃይ የምንለው ቃል ዱካ ነው የሚባለው፣ አንዳንድ አዋቂዎች ሲፈቱት ደሞ ዱ ማለት መጥፎ፣ ካ ማለት አክስሉ የሚገባበት የጎማው መሃል ያለው ቀዳዳ ነው ይላሉ። ቀዳዳው ልኩን ካልሆነ ጋሪው እያንገጫገጨ ይሄዳል። ተቃራኒው ሱካ ነው፣ ቀዳዳው ልክ ሲሆን።

እኔ ከዛ ቀን ጀምሮ በዚህ ነው የገባኝ። ኩሽኔታው የተበላ ባጃጅ ወዲያው አይቆምም እኮ፣ ይሄዳል፣ ሰው ይጭናል፣ ብር ይሠራል፣ ግን ከሥር ሁሌ እርርርር የሚል ድምፅ አለ፣ ሹፌሩ ደሞ ዘፈን ከፍ ያደርግበትና ሳይሰማው ይከርማል። ስለዚህ ሕይወት ስቃይ ነው ሲባል ጠዋት ማታ መከራ ነው ማለት አይመስለኝም። ደስ ባለህ ቀን ራሱ ከሥር ቅር የሚልህ ነገር አለ አይደል? ልጄ የተወለደች ቀን እንደዛ ደስ ብሎኝ አላውቅም፣ ግን ታቅፌያት ቆሜ አንድ ነገር ብትሆንብኝስ የሚል ፍርሃት እዛው መጣ፣ ደስታው ሳይለቀኝ። ያቺ ቅር ማለት ነች ዱካ ማለት፣ እኔ የገባኝ እንደዛ ነው። አንተ ላይ የደረሰው ደሞ ጎማው ጭራሽ ሲወልቅ ነው።


ነጭ ጋውን፦

የእጥበት ክፍል ነርስ ነኝ፣ ስለ ፍልስፍናው ሳይሆን ስለ ሃይላንዱ ልናገር። ኩላሊት ሲቆም የጠጡት ውሃ መውጫ የለውም፣ ይጠራቀማል፣ ልብን ያጨናንቃል፣ ሳንባ ውስጥ ሲገባ ሰው ትራስ ተደራርቦለትም መተንፈስ ያቅተዋል። መስመር ያሰመርክላት ይሄን ፈርተህ ነው። ከንፈርን በጥጥ ማርጠብ እኛም ለቤተሰብ የምንነግረው ነው። ለእህትህ በስልክ የሚያስረዳልህ ሰው ከፈለግክ በውስጥ ጻፍልኝ፣ ከልቤ ነው።


አክካ ያለችኝ፦

ወንድሜ አፈሩን ገለባ ያርግላት። እኔ የማውቀው መጽሐፍ አይደለም፣ ሰው ነው።

ስድስት ዓመት ቤይሩት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ማዳም እኔንና አንዲት የስሪላንካ ሴት አብራ ነበር የምታሠራን፣ በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ አክካ ነው የምላት፣ እንደኛ እትዬ ማለት ነው። ከኩሽናው ጀርባ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር የምንተኛው፣ በሷ በኩል ግድግዳው ላይ ትንሽ የቡድሃ ሥዕል አለ በኔ በኩል የማርያም። አባቴ ይርጋለም ሲያርፍ በስልክ ነው የሰማሁት። ፓስፖርቴ ማዳም ጋ ነው፣ መሄድ ሚባል ነገር የለም፣ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። አክካ ቢላውን ከእጄ ወሰደችና ወለሉ ላይ አብራኝ ቁጭ አለች። የሁለታችንም አረብኛ የተሰባበረ ነው፣ ምን ልትለኝ ትችላለች፣ ጀርባዬን እያሸች «ዱካ፣ ዱካ» ብቻ ትላለች። ላይ ያለው ወንድማችን የጻፈውን ቃል ሳይ ክው ያልኩት ለዛ ነው፣ እነሱ እኮ እስከ ዛሬ ሐዘንን በዛው ቃል ነው የሚጠሩት። ምኞትሽን አጥፊ፣ አታልቅሺ፣ ምናምን አላለችኝም። አብራኝ አለቀሰች።

ማታ አንድ ታሪክ ነገረችኝ፣ ኪሳ ጎታሚ ስለምትባል ሴት። ገና እግሩ መራመድ የጀመረ ልጇ ሞቶባት አልቀበልም ብላ ሬሳውን አቅፋ ከቤት ቤት መድኃኒት ስጡኝ ትላለች፣ ሰው አብዳለች ብሎ ይሸሻታል፣ መጨረሻ ላይ ቡድሃ ጋ ሄደች። እሱ ሞቷል ቅበሪው አላላትም። ሰናፍጭ አምጪልኝ፣ ግን ሰው ሞቶ ከማያውቅበት ቤት ይሁን አላት። (አክካ ሰናፍጭ የሚለውን በአረብኛ ስላላወቀችው ከኩሽና መደርደሪያ ብልቃጡን አውጥታ መዳፌ ላይ አፍስሳ ነው ያሳየችኝ።) ሰናፍጩ በየቤቱ አለ፣ ሊሰጧትም ይወጣሉ፣ ግን ሰው ሞቶባችሁ ያውቃል ወይ ስትል አንዱ አባቴ ይላል፣ አንዷ ልጄ ትላለች፣ አንዱ ከሕያው የሞተው ይበዛል ይላታል። ሲመሽ ልጇን ወስዳ ተሰናበተችው።

እኔ ይሄን ስሰማ የኛ ለቅሶ ቤት ነው ትዝ ያለኝ። ድንኳኑ ውስጥ አጠገብህ የሚቀመጠው ሰው ምን ይልሃል፣ የኔዋን እናት በዛ ዓመት ቀበርኳት ይልሃል። እኔ ያን አጥቼ ነበር፣ ድንኳን የለኝም፣ ጎረቤት የለኝም፣ አክካ ያቺን ሴት በየቤቱ ስታዞራት ለኔም ያዞረችኝ መሰለኝ። በሰባተኛው ቀን ደሞ ሳልነግራት ሩዝ ቀቅላ በፌስታል ቋጥራ ለሕንፃው ናጡር፣ ዘበኛው ማለት ነው፣ እና ለሱቁ ልጅ ሰጠች፣ በአባቴ ስም ነው። እነሱም በሰባት ቀን፣ በሦስት ወር፣ በዓመት ለመነኮሳት ምግብ ይሰጣሉ፣ ልክ እንደኛ ሰባት፣ አርባ፣ ሙት ዓመት።

እና መውደድ ስህተት ነው ወይ ላልከው፣ አክካ ሕፃን ሆኖ ጥላው የመጣች ልጅ ነበራት፣ ዓርብ ዓርብ ደውላ ስትዘጋ ፊቷ በእንባ ታጥቦ ነው። ከዛ ታጠበችና ሥዕሏ ፊት እግሯን አጥፋ ዝም ብላ ትቀመጣለች። ልጇን መውደድ ያቆመች አልመሰለኝም።


መስኮት ዳር፦

እግዚአብሔር ያጽናህ የአቶቴው ልጅ። እኔ ስለ ጥማቱ ብቻ ልጻፍ፣ ጥያቄህ ያለው እዛ ስለሆነ። ክርስቲያን ነኝ፣ ግን የቡድሃን ንግግሮች በእንግሊዝኛ ለዓመታት ሳነብ ቆይቻለሁ፣ ስለ ሃይላንዱ ስትጽፍ አንድ ቦታ ወዲያው ነው ትዝ ያለኝ።

መጀመሪያ ታንሃን እንይ። ጥማት ማለት ነው፣ ልክ ነው። ግን ቡድሃ ሕንድ ውስጥ ሳርናት በሚባል ቦታ ለአምስቱ የድሮ ጓደኞቹ ባደረገው የመጀመሪያ ስብከት ሦስት አድርጎ ይለየዋል፣ ለሚያስደስት ነገር መጠማት፣ መሆንን መጠማት፣ አለመሆንን መጠማት። ሁለተኛው ይሄ እንዳለ ይቀጥልልኝ ነው፣ ሦስተኛው ይሄ ይጥፋልኝ ነው። ትኑርልኝ ያልከውና አሳርፋት ያልከው ወደነዚህ ይጠጋሉ፣ ምንም እንኳን አሳርፋት ስትል ርኅራኄም ቢኖርበት። ሁለቱም በአንድ ሰው ልብ በአንድ ሌሊት ሊፈራረቁ እንደሚችሉ ከ2,500 ዓመት በፊት ገደማ ያወቀው ነገር ነው፣ አንተ ክፉ ልጅ ስለሆንክ የመጣብህ አይደለም። ደሞ ኃጢአት ብሎ አይደለም የሚጠራው። እንደ ሐኪም ነው የሚናገረው፣ ሕመሙ ይሄ ነው፣ መነሻው ይሄ ነው፣ ይድናል፣ መዳኛው መንገድ ይሄ ነው፣ አራቱ እውነቶች የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ቪዲዮው አራተኛውን፣ መንገዱን፣ ትቶ ሮጠ።

የሰውነት ውሃ ጥም ግን ከሦስቱ በአንዱም ውስጥ የለም። ቡድሃ ራሱ ተጠምቷል። 80 ዓመቱ ነው፣ ሰውነቴ በጠፍር እየታሰረ እንደሚሄድ አሮጌ ጋሪ ሆኗል ብሎ ሁሌ አብሮት ለሚሆነው አገልጋዩ መነኩሴ ለአናንዳ ነግሮታል። ቹንዳ የሚባል አንጥረኛ ያቀረበለትን ምግብ ከበላ በኋላ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያዘው፣ እንደዛ ሆኖ ኋላ ወዳረፈባት ከተማ ወደ ኩሲናራ በእግሩ ሲጓዝ ዛፍ ሥር አረፈና «አናንዳ ውሃ አምጣልኝ፣ ጠምቶኛል፣ ልጠጣ» አለ። ታንሃን ከሥሩ ነቅሏል የሚባለው ሰው ነው ይሄን የሚለው።

አናንዳ ምን እንዳደረገ ስማ። አላመጣለትም። አሁን 500 ጋሪ ተሻግሮበት ውሃው ደፍርሷል፣ ትንሽ ወደፊት ጥሩ ወንዝ አለ፣ እዛ ትጠጣለህ አለው። ሁለተኛ ለመነው፣ ያንኑ መለሰ። በሦስተኛው ሳህኑን ይዞ ወረደ፣ ጽሑፉ እንደሚለው ውሃው ጠርቶ አገኘው። አናንዳ እኮ 25 ዓመት ያገለገለው፣ ከማንም በላይ የሚወደው ሰው ነው። ታገስ ያለው የደፈረሰ ውሃ የታመመ ሆድ ላይ እንዳይጨምርበት ሳስቶ ነው። ያን ሌሊት «ጠዋት እጥበት አለሽ» ስትላት ምን እያሰብክ እንደነበር አንተ ታውቃለህ።

ኩሲናራ ሲደርሱም አናንዳ ወደ ውስጥ ገብቶ የበሩን መቃን ተደግፎ አለቀሰ። ቡድሃ የት ሄደ ብሎ አስጠራው። መጀመሪያ አታልቅስ፣ ከምንወደው ሁሉ እንደምንለይ ነግሬህ የለ ይለዋል፣ ወዲያው ቀጥሎ ደሞ ለረጅም ጊዜ በደግነት፣ ልብህን ሳትከፍል አገልግለኸኛል፣ መልካም ሠርተሃል ይለዋል። ፍቅሩን አልነቀፈበትም።

ግን አለሳልሼም ላታልልህ አልፈልግም፣ የሚከብደውም አለ። አንድ አባት አንድ ልጁ ሞቶበት ሬሳ ወደሚቃጠልበት ቦታ እየሄደ «ልጄ የት ነህ» እያለ ሲጮኽ ሰንብቶ ቡድሃ ጋ ይመጣል። ቡድሃ አዎ ሐዘን ከምንወዳቸው ነው የሚወለደው አለው። ሰውየው ተናደደ፣ ከምንወዳቸው የሚመጣው ደስታ ነው እንጂ ብሎ ጥሎት ሄደ። እኔ ይሄን ሳነብ ብዙ ጊዜ ከአባትየው ጋር ተናድጃለሁ። እናቴን ከቀበርኩ በኋላ ግን ሁለቱም እውነት እንደሆኑ ነው የታየኝ፣ ሐዘኑ የመጣው ከመውደድ ነው፣ መውደዱ ደሞ ጥፋት ተብሎ አልተጻፈም። እንዲያውም ለፍጡር ሁሉ ሊኖረን የሚገባውን ፍቅር ሲያስተምር የወሰደው ምሳሌ የእናት ነው፣ እናት አንድ ልጇን በነፍሷ እንደምትጠብቅ ይላል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላቁም። ሌላ ንግግር ላይ ሕመም የደረሰበት ሰው በሁለት ቀስት ይወጋል ይላል። አንደኛው ሕመሙ ነው። ሁለተኛው ሰውየው ደረቱን እየመታ በላዩ የሚጨምረው ነው። እናትህን ማጣትህ አንደኛው ነው፣ እሱን ማንም አይነቅልልህም። «ከልክያት ነበር» የሚለው ግን ሁለተኛው ነው የሚመስለኝ፣ ለዛውም መጀመሪያ የወጋህ በሌላ ሰው አፍ ነው።


የአቶቴው ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ነርሷ በውስጥ ጻፍኩልሽ። እህቴ፣ የአክካን ታሪክ ሱቅ ውስጥ ሆኜ ነው ያነበብኩት፣ ደንበኛ ሲገባ ፊቴን ማዞር ነበረብኝ። ወንድሜ መስኮት ዳር አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አናንዳን ከዛ በኋላ የወቀሰው አለ? በውሃው ማለቴ ነው።


መስኮት ዳር፦

አለ። ቡድሃ ካረፈ በኋላ 500 መነኮሳት ራጃጋሃ በምትባል ከተማ ተሰብስበው ትምህርቱን ሲያጸኑ አናንዳን ሰው ፊት አቁመው ጥፋቶችህ ናቸው ብለው ይዘረዝሩበታል። በፓሊው ቅጂ፣ ፓሊ ያ የጥንቱ ቋንቋቸው ነው፣ ውሃው የለም፣ ሌሎች አምስት ነገሮች ናቸው። በሌሎች ጥንታዊ ቅጂዎች ላይ ግን ውሃ ሲጠይቅህ አልሰጠኸውም የሚለው አለበት፣ እሱም ጋሪዎች ተሻግረውበት ውሃው ደፍርሶ ነበር፣ እንዳያመው ፈርቼ ነው ይላል። በፓሊው ደሞ ለአምስቱም በየተራ ለምን እንዳደረገው ይናገርና አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣል፣ እኔ ጥፋት ሆኖ አይታየኝም፣ ግን እናንተን ስለማምን እንደ ጥፋት አድርጌ እናዘዘዋለሁ ይላል። አይከራከርም፣ አይሰበርምም። ከስብሰባው በፊት የነበረውን ሌሊት ሲጨነቅ፣ ሲመላለስ አድሮ ሊነጋጋ ሲል ጋደም ልበል ብሎ እግሩ ከመሬት ተነስቶ ራሱ ትራሱን ሳይነካ በፊት ነው ልቡ ነፃ የወጣው ይባላል።


የአቶቴው ልጅ፦

ሦስቴ አነበብኩት። ለእህቴ ልኬላታለሁ፣ ሙሉውን፣ ከነርሷም ካንተም። አይታዋለች፣ ሁለቱ ምልክት ሰማያዊ ሆኗል። እስካሁን አልመለሰችም። ከመለሰች እነግራችኋለሁ።